ሰፊው ከመነዳሪ

"ትልቁን ይስጡኝ እትዬ!"

የትናየት ቀና አለች… ሰቆጣ ገበያ ዳር የሳይክል ዕቃ የምትሸጥ ሴት ናት።

ሰውየው የጋዝጊብላ ገበሬ ነው፤ ደግሰው ይባላል። ቀይ ሳይክሉን እየገፋ ነው የመጣው… የፊት ጎማው ከመነዳሪ ተቀዶ አየር አልይዝ ብሎታል።

"ያንተ ጎማ እኮ ትንሹ ነው" አለችው።

"ይሁና! ለልጅ ልብስ ሲገዛ ሰፋ ይደረግ የለ? ሰፊ ይበረክታል።"

"ሳይክልህ ሊያድግ ነው?"

"እኔ ጋ ውሎ የማያድግ ምን አለ!"

ተሳሳቁ… ክፉ ነገር እኮ ልጆቼ፣ አንዳንዴ በሳቅ መሃል ነው የሚያልፈው።

የትናየት ታውቃለች። ሰፊ ከመነዳሪ ትንሽ ጎማ ውስጥ ሲገባ ይታጠፋል… የታጠፈበት ይፋተጋል… ቁልቁለት ላይ ይፈነዳል።

ልኩ ጎረቤቷ ሱቅ እንዳለም ታውቃለች።

ግን ያ ትልቁ፣ ገዢ አጥቶ ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራ ጠጥቷል…

ዝም ብላ ሰጠችው።

እሱም እዚያው ደጃፏ ላይ አጣጥፎ ከተተው፤ ነፋው፤ መርቋት ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። ሠርካለም ናት… ጋዝጊብላ ጤና ኬላ የምትሠራው፣ ያለቻት አንዲት ልጅ።

"እማዬ፣ ወደ ጤና ኬላው የሚሄድ መኪና አጣሁ። አንድ ደግ ሰው በሳይክሉ አፈናጦኝ ቁልቁለቱን ጀመርነው!"

"ምን… ምን ዓይነት ሳይክል?"

"ቀይ! አትስጊ፣ ከመነዳሪውን አሁን ነው የቀየርኩት እያለሽ ነው…"

"ውረጂ! ሠርኬ፣ ውረጂ!"

ነፋሱ ብቻ ይሰማል…

ከዚያ ጥይት የመሰለ ድምፅ…

ከዚያ ምንም።

ሱቋን ሳትዘጋ ሮጠች።

ልጇን ያገኘቻት ሆስፒታል ነው… ነፍሷ ተርፋለች፤ ጭኗ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ደግሰው ፊቱ ተላልጦ አጠገቧ ቆሟል።

የትናየትን ሲያይ እግሯ ላይ ወደቀ።

"ለካ የርስዎ ልጅ ናት! ጥፋቱ የኔ ነው እትዬ… ሰፊውን ያልኩ እኔ! እርስዎ ምን ያውቃሉ!"

የትናየት እንደማታውቅ ሆና ክንዱን ይዛ አነሳችው።

ሠርካለም ዛሬም በምርኩዝ ናት።

ደግሰው በየገበያው ቀን ማር ይዞ ይመጣል… "ይቅር ይበሉኝ" ይላል።

የትናየትም "ይቅር ብዬሃለሁ" ትለዋለች።

ይቅር ብዬሃለሁ…!

ልጆቼ፣ ሰው ባለማወቅ ወደ ገደል ሲሄድ እያዩ ዝም ማለት መግፋት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝምታ ደግሞ ይብሳል።

እናንተ የትናየትን ብትሆኑ እውነቱን መጀመሪያ ለማን ትነግሩ ነበር… ለልጅቷ ወይስ ለደግሰው? እስቲ ከታች ጻፉልኝ፤ የልጅ ልጄ ታነብልኛለች።