ታዛዡ ፍሬቻ

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የእህቱን ባል ቀና ብሎ ማየት ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ሲመሽ እህቱና ልጆቿ ተጎታች ቤታቸውን እየጎተቱ ረጅም መንገድ ሊወጡ ነው፤ የተጎታቹ የኋላ መብራት ካልሠራ ግን በጨለማ የሚመጣ ከባድ መኪና አያያቸውም። ባልየው ሽቦውን በፕላስተር ጠቅልሎ «ጠገንኩት» ብሎ ነበር።

«ይህን የሠራኸው በእጅህ ነው በእግርህ?»

«ጋሼ፣ ፊውዙም የተቃጠለ ይመስለኛል። ሄጄ ልግዛ?»

ለእንዲህ ያለ ሰው ቃል ማባከን አይወድምና አልመለሰለትም። ከተጎታቹ ሥር ተንፏቆ ገባ፤ የዛገውን የኔጌቲቭ ሽቦ ማሰሪያ በሚጮኸው መሞረጃ ማሽን አጸዳና ወጥቶ ከኋላ ቆመ።

«ፍሬን ርገጥ» አለ ወደ ፊት ጮኾ። ቀዩ በራ።

«ቀኝ ፍሬቻ።» ቀኙ ብልጭ ድርግም አለ።

«ግራ።» ግራው ተከተለ።

«ሲያዙህማ ትሠራለህ፤ ያቃተህ ማሰብ ነው።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ የእህቱ ባል መኪና ከመንገዱ ማዶ ታጥፋ መጣች። ባልየው በመስኮቱ ትንሽ ካርቶን አወጣ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ፊውዙን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ስዞር ዘገየሁ።»

ሠራተኛው በተጎታቹ ጎን አንገቱን አስግጎ ወደ ፊት ተመለከተ። የተጎታቹ መጎተቻ ክንድ ድንጋይ ላይ ተደግፏል፤ ከመኪናው ኤሌክትሪክ የሚያመጣለት ገመድ ከምንም ሳይያያዝ አፈር ላይ ተጋድሟል። ግራው ፍሬቻ አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል።

«እባክዎ፣ ያጥፉልኝ» አለ በዝግታ።

ፍሬቻው ጠፋ።