የቦዩን ክዳን ማን አነሳው?

«አባዬ፣ ይቅርታ እንዳትላት! ይቅርታ ካልክ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ፈረምክ ማለት ነው!»

ቹን ሆ ነው አባቱን በክንዱ ይዞ የሚጮኸው።

አባትየው አጎት ያፕ ግን አልሰሙትም... ጃንጥላ ይዘው ዝናቡ ውስጥ ገብተዋል።

አክስት ሳልቢያ እነ አጎት ያፕ ሱቅ በራፍ ላይ ወድቃለች። ቀኝ እግሯ እስከ ጉልበቷ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ነው። በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችው የኮኮናት ሩዝ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል...

እኔ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሮጬ ደረስኩና ከአጎት ያፕ ጋር ደግፈን አወጣናት።

ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል።

እዚህ ኢፖ ከተማ፣ የኛ መንገድ ላይ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ቁርሳችንን ያበላችን ሳልቢያ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው በዚያ ሩዝ ነው።

ሐኪሙ «ሦስት ወር መቆም የለም» አላት።

ለምን ወደቀች? የአጎት ያፕ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በር ላይ ያለው የቦይ ክዳን ተነስቶ ስለነበር።

ቹን ሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬው ሁሉ ሕግ ሆነ። ስልኩ ላይ አምስት ቪዲዮ አይቶ ጠበቃ ሆኖ አረፈው!

«ስልኳን እያየች ነበር! ደግሞ ቦዩ የማዘጋጃ ቤት ነው! እኛን አይመለከተንም!»

የሳልቢያ ልጅ ዋና ከተማ ነው የምትኖረው። ይሄን ወሬ ስትሰማ ደሟ ፈላ። እናቷን አስፈርማ «ጉዳቱ የደረሰው በሱቁ ቸልተኝነት ነው» ብላ ካሳ የሚጠይቅ ክስ አስገባች።

አጎት ያፕ ግን በየቀኑ ፓፓያ ይዘው ሳልቢያን ይጠይቃሉ። ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ፓፓያ ይበላሉ...

ፍርድ ቤቱ «መጀመሪያ አስማሚ ፊት ቅረቡ» አለ።

ቀረብን። ሳልቢያ በዊልቸር፣ እኔ በምስክርነት፣ ቹን ሆ አንድ ክላሰር ሙሉ ወረቀት ታቅፎ።

አስማሚዋ ወይዘሮ ጃያንቲ ይባላሉ።

«አቶ ያፕ፣ ክሱን ይክዳሉ?»

«አልክድም። በሬ ላይ ነው የወደቀችው። ክዳኑ መነሳቱን ማየት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ኧረ ተው ያፕ!» ሳልቢያ ጣልቃ ገባች። «ጥፋቱ የኔ ነው! የልጅ ልጄ ስትደንስ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። እንኳን ቦይ፣ ዝሆን ቢቆም አላይም ነበር!»

«ዝም በይ አንቺ! ስልክ ያየ ሁሉ ቦይ ይግባ ነው የምትይው?»

«አንተ ዝም በል! እግሩ የማን ነው?»

«በሩስ የማን ነው?!»

ወይዘሮ ጃያንቲ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ... ሰው ጥፋቱን ሌላው ላይ ሲያላክክ እንጂ ሲሻማ አይቼ አላውቅም!»

ከዚያ ኮስተር አሉ።

«ቆይ... ለመሆኑ ክዳኑን ያነሳው ማን ነው?»



«እኔ ነኝ» አሉ አጎት ያፕ።

«ውሸታም!» አለች ሳልቢያ። «በዚህ ወገብህ? የምስማር ካርቶን ማንሳት አቅቶህ ሰው የምትጣራ ሰውዬ!»

ያኔ ቹን ሆ ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«እኔ ነኝ... የመጋዘኑ ቁልፍ ወድቆብኝ ክዳኑን አነሳሁ። ቁልፉን እንዳወጣሁ ስልክ ተደወለልኝና እያወራሁ ገባሁ። ረሳሁት።»

ወደ ሳልቢያ ዞረ።

«አክስቴ... ይቅርታ።»

አባቱ ቀና ብለው አዩት። «አውቃለሁ። ክዳኑን ልመልስ ስሄድ ጓንትህን እዚያው አገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ራስህ እስክትናገር እየጠበቅኩህ ነበር፣ ልጄ። ባትናገርም ደግሞ... የምትሠራው ለኔ ነው። እኔው ልጠየቅ።»

«እርስዎ ሁለተኛ እዚህ እንዳይዋሹ!» አሉ ወይዘሮ ጃያንቲ። «ሕጉ ግን ከርስዎ ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ባለሱቁ ይጠየቃል። ወይዘሮ ሳልቢያም ስልክ እያዩ መሄዳቸው የራሳቸው ድርሻ ስለሆነ፣ ከካሳው ትንሽ ይቀነሳል።»

ሱቁ ሕክምናዋንና ከሥራ የቀረችበትን ሊሸፍን ተስማሙ። ሳልቢያ አንድ ነገር ጨመረች...

«እግሬ እስኪድን ሩዜን ይሄ ልጅ ይሽጥልኝ!»

የቀራትን ስድስት ሳምንት! ቹን ሆ የሳልቢያን ባለ አበባ ሽርጥ አድርጎ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መንገድ ዳር። እሷ ጀሶ ያለው እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ታዘዋለች።

«ቅጠሉን እንደ ደብዳቤ አትጠፈው! ጠቅልለው እንጂ!»

ሰፈሩ ሁሉ መቀለጃ አደረገው።

«ጠበቃው! ዳጣ ጨምርልኝ!»

«ጠበቃው፣ እንቁላሌ ተሰንጥቋል፣ እከስሃለሁ!»

እሱም አብሮ ይስቃል...

አሁን እስካሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ።

አስማሚዋ ፊት ልንቀርብ አንድ ቀን ሲቀረን ቹን ሆ ሱቄ መጥቶ ነበር።

«ያ ካሜራህ የኛን በር ያሳያል እንዴ?»

«ኧረ እሱ ከሞተ ዓመት አለፈው! ለሌባ ማስፈራሪያ ነው የተውኩት» አልኩት።

ካሜራውን ቀና ብሎ አይቶ ወጣ። ለምን እንደጠየቀኝ የገባኝ በማግስቱ ከወንበሩ ሲነሳ ነው።

ማስረጃ የለም። ያየው ሰው የለም። አባቱ «እኔ ነኝ» ብለውለታል። አፉን ቢዘጋ በቃ፣ ነፃ ነበር...

ግን ተነሳ!

ወዳጆቼ፣ ሁላችንም እንሳሳታለን፣ ሁላችንም እንረሳለን። ካሳ አጥንት ያሳክማል። የሰፈር ሰው ሆኖ ቀና ብሎ ለመኖር ግን «እኔ ነኝ» ማለትን የሚተካ ነገር የለም።

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ... ካሜራው እንደማይሠራ የምታውቁት እናንተ ብትሆኑ፣ ከዚያ ወንበር ትነሱ ነበር?

ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ... «አዎ» ለማለት ግን አትቸኩሉ!