ድምፁን ሳልሰማ

በያጁ ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ያቺ የቴሌ ሴትዮ ዛሬም «ማግኘት አይችሉም» አለችው። ስምንት ወር ሙሉ ለወንድሙ ሲደውል የምታነሳው እሷ ናት። ከወንድሙ ድምፅ ይልቅ የእሷን ለምዶታል።

ቀኑ ማክሰኞ ነው። ሐሙስ ጠዋት አባቱ የልብ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ አለው። ሐኪሙ «ይህ ቀን ካለፈ ለሌላው መድረሱን እንጃ» ብሏል። ሽማግሌው ግን ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው፤ ሌላ ሰው መሪውን እንዲይዝበት አይወድም። «የትንሹን ድምፅ ሳልሰማ አልቀደድም» ብሎ የፈቃድ ወረቀቱን ሳይፈርም መለሰው።

ትንሹ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወደ ወደብ ከተማ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ በየእሑዱ ይደውል ነበር። ከስምንት ወር በፊት እናቱ በድንገት «ልየው» ብላ ሄደች። የራሷ ስልክ ኖሯት ስለማያውቅ አራት ቀን ወሬዋ አልተሰማም። ስትመለስ አሮጌ ልብሶቹን በአንድ ሻንጣ ይዛ መጣች።

«ጠበበኝ፣ ለሰው ስጪልኝ ብሎ ነው» አለች።

ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። የሚመጣው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ በየቀኑ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በአባትየው ስልክ። «አባዬ፣ መድኃኒትህን ዋጥክ? እኔ ደህና ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።» ሽማግሌው ይህንን ሳያነብ አይተኛም።

እናትና ልጅ እዚያ ተጣልተው ነው፤ በያጁ እንዲህ ነበር የሚያስበው። ሲጠይቃት እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከትታ ወደ ጓዳ ትገባለች።

በምሳ ሰዓት ስልክ ሠሪው ዘንድ ጎራ አለ።

«ጽሑፍ ይልካል። ስደውል ዝግ ነው። ይሄ እንዴት ይሆናል?»

ስልክ ሠሪው ከተፈታታው ስልክ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ ሳቀ። «ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎት ዋይፋዩን ብቻ ከፍቶታል። ጥሪ አይገባም፣ በኢንተርኔት የሚላክ መልእክት ግን ይገባል። ዋይፋይ ያለበት ቤት ተደላድሎ ተቀምጧል በለው።»

«ሆን ብሎ?»

«በስህተትማ ስምንት ወር አይቆይም፣ ወንድሜ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፣ ምን ይደረግ። ይሄን ነገር ደግሞ ማን የማይጠይቀኝ አለ? አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ ካላስተማርከኝ ብለው ግማሽ ቀን አስለፉኝ። አይሮፕላን የሚሳፈሩ መስሎኝ መልካም መንገድ ብዬ ሸኘኋቸው።»

በያጁ አልሳቀም።

«አንተም ጻፍለት» አለ ስልክ ሠሪው። «አንድ ራይት ካየህ አልደረሰውም። ሁለት ከሆነ ስልኩ ውስጥ ገብቷል። ራይቷ ጋ መዋሸት የለም።»

በያጁ ወደ ቤት ሲሄድ ደሙ ፈልቷል። በአሥራ አራት ዓመቱ ደብተሩን ጥሎ ብየዳ የገባው ትንሹ እንዲማር ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የሠራው ያለ መነጽር ነበር። ዓይኑ አብጦ ሲመጣ እናቱ እርጥብ ጨርቅ ታደርግለታለች፤ ትንሹ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጮክ እያለ ያጠናል። ያኔ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዛሬ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ይለምናል።

ሳሎን እንደገባ በቀጥታ መደርደሪያው ላይ ወዳለው የዋይፋይ ሳጥን ሄደና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው።

«ምን እያደረግክ ነው አንተ ልጅ?» እናቱ ከጓዳ ወጣች።

«በቃ! ከዛሬ ጀምሮ አባዬ ጽሑፍ አያይም። ሰውዬው ልጅ ከሆነ ይደውል።»

«ቀስ በል፣ አባትህ ይሰማሃል።»

«ይስማኝ! ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጎ ነው የሚጫወትብን። ዓይኔን ያበላሸሁት ለዚህ ነው? አንቺስ እዚያ ድረስ ሄደሽ ምን ብለሽው መጣሽ?»

«ምንም አላልኩትም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደገመችው። «ምንም አላልኩትም፣ የኔ ልጅ።»

በያጁ ወርክሾፕ ውስጥ በሚጠቀምበት የሞባይል ዳታ የራሱን ስልክ ከኢንተርኔት አገናኘ። ጣቶቹ ለመጻፍ አይመቹም፤ ለትንሹ ሲጽፍም የመጀመሪያው ነው። ጽፎ ሲጨርስ ጮክ ብሎ አነበበላት።

«አንተ ልበ ደንዳና። ዛሬ ካልደወልክ ለአባዬ ሞቷል ብዬ እነግረዋለሁ።»

ላከው። እናቱ የበሩን መቃን ያዘች።

አንድ ራይት ወጣ። ቆሞ ጠበቀ። አሁንም አንድ።

«አየሽ? ተደብቋል። ፈሪ!»

ከመኝታ ቤት ሽማግሌው ሳለ። «እናንተ፣ ይሄ ስልክ ምን ነካው? ትንሹ ዛሬ ረሳኝ እንዴ?»

እናቱ የተነቀለውን ገመድ አየች።

«ሰካው» አለች እናቱ፣ በሹክሹክታ። «በሞቴ። ዛሬን ብቻ ያንብብ። ነገ ያሻህን ታደርጋለህ።»

በያጁ ገመዱን አንስቶ መልሶ ሰካው። ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ ብልጭ ድርግም ሲል ቆየና አረንጓዴ ሆነ።

በእጁ በያዘው ስልክ ላይ ሁለተኛው ራይት ወጣ፤ የእናቱ የሽርጥ ኪስ ድዝዝ አለ።