አልነሳም ያለችው ዲኤክስ

አቶ ቀናውና ወይዘሮ ተናኘ ጅጅጋን ለቀው ቢሾፍቱ ሊገቡ ሰኞ ጠዋት ዕቃቸውን ጫኑ። ልጃቸው ናዝሬት «አርጅታችኋል፣ አጠገቤ ኑሩ» እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ ስትነዘንዛቸው ኖራለች። የቤቱ ገዢ ኸሊፍ የሚጠብቃቸው እስከ ዓርብ ጁምዓ ብቻ ነው። እስከዚያ ቁልፉን ካላስረከቡት ሌላ ቤት ይገዛል፤ እንደ እሱ ያለ ገዢ ደግሞ ሁለቴ አይመጣም።

ቀናው የመኪናዋን ቁልፍ ጠመዘዘ። መኪናዋ ዝም አለች።

ዲኤክስ ናት፤ ከቀናው ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ኖራለች። ድሮ እሑድ እሑድ ኮፈኗን ከፍቶ ሲጎረጉር ተናኘ ጎኑ ቆማ መፍቻ ታቀብለው ነበር፤ ዐሥር ቁጥሩን ከዐሥራ ሁለቱ ዳብሳ ትለያለች። አሁን የእሱ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ መኪናዋን የሚያያት ዐብዲናስር ነው።

ዐብዲናስር የግቢያቸውን የመንገድ ዳር ክፍል ተከራይቶ ጋራዥ ከፍቷል። እነሱ ከሄዱ ኸሊፍ ግቢውን አፍርሶ ፎቅ ሊሠራበት ነው። ያኔ ዐብዲናስር መፍቻውን ተሸክሞ መውጣቱ ነው፤ ይህን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ባትሪው ሞቷል» አለ ዐብዲናስር። «መብራቱ ሲበራ አድሯል።»

«ማን አበራው?» አለች ተናኘ።

ዐብዲናስር ምን ያውቃል? ባትሪውን ቻርጅ ላይ ሰካው። የከተማው መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋና ሰኞ በከንቱ አለፈ።

ማክሰኞ ሞተሪኖው ዞረ፣ ሞተሩ ግን አልቀበልም አለ። ዐብዲናስር ካንዴላዎቹን አንድ በአንድ ፈትቶ ሞከረ። እሳት የላቸውም።

«እሳት ሰጪው ቦቢና ተቃጥሏል፣ ጋሼ። ጅጅጋ ውስጥ ደህና አላገኝም፤ ከቶጎጫሌ ላስመጣ።»

ቦቢናው በጭነት መኪና ሾፌር እጅ ረቡዕ ማታ ደረሰ። ሲገጠም ዲኤክሷ አጓርታ ተነሳች። ተናኘ እልል አለች፤ ቀናው ዐብዲናስርን አገላብጦ ሳመው። በማግስቱ በጠዋት ሊነሱ ተስማሙ።

ሐሙስ ጠዋት ዲኤክሷ አልነሳም አለች።

ዐብዲናስር ከኮፈኑ ስር ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ከመሪው ስር አጎንብሶ ፈተሸ።

«ማታ ጤነኛ የነበረች መኪና ጠዋት ሁለት በሽታ አይይዛትም» አለ። «አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ።»

«ሰው ካልነካት ነዋ!» አለች ተናኘ። «እዚህ ግቢ ኮፈን የሚከፍተው ደግሞ ማን እንደሆነ እናውቃለን።»

«ወላሂ፣ እትዬ፣ እኔ...»

«ዋርያ፣ አትማል!»

ዐብዲናስር መፍቻውን አነሳ። እስኪመሽ ታግሎ አስነሳት። ግን የካራማራን ዳገት በማታ ማን ይደፍራል? እንደገና ለነገ ተባለ።

ናዝሬት ደወለች። «መኪናዋ ትቅርባችሁ! በሚኒባስ ኑ!»

ቀናው ዲኤክሱን ሜዳ ላይ ጥሎ እንደማይሄድ ነገራት። ተናኘ ደግሞ ሚኒባስ እንደሚያስመልሳት ተናገረች። ናዝሬት ተናዳ ስልኩን ዘጋችው።

ባልና ሚስቱ ባዶ ቤት ውስጥ ጄሪካን ላይ ተቀምጠው ደረቅ ዳቦ በሻይ በሉ። ድስቱም ምጣዱም መኪናዋ ላይ ተጭኗል። መሄድም መቅረትም ላቃተው ሰው ቤት ለካ እንዲህ ይሰፋል።

«ቢሾፍቱ ብንገባ ሐኪም አጠገብህ ነበር» አለች ተናኘ።

«አንቺም የልጅ ልጅሽን አቅፈሽ ትውዪ ነበር» አለ ቀናው።

ዓርብ ጠዋት መኪናዋ ትንፍሽ አላለችም። ዐብዲናስር ኮፈኑን ከፈተ፣ ወዲያው ዘጋው። ከዚያ ካርቶን አንጥፎ መኪናዋ ስር በጀርባው ተኛ። መፍቻ እንኳ አልያዘም።

«ምን ሆነች?» አለው ቀናው ጎንበስ ብሎ።

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

አራት ቀን ሙሉ ለእያንዳንዱ ብልሽት ስም ሲያወጣ የሰነበተ ሰው አላውቅም አለ። ረፋዱ ላይ የባጃጅ ሾፌሮች ተጠራርተው ዲኤክሷን እስከ አስፋልቱ ገፏት። አልሆነም። ገፍተው መለሷት።

ኸሊፍ ከጁምዓ ሶላት ወጥቶ መጣ። የተጫነውን ዕቃ አየ፤ ሰዓቱንም አየ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ቀናው። ቀኔን ነግሬዎት ነበር። ቤቱን የሚሸጥልኝ ሌላው ሰውዬ እየጠበቀኝ ነው።»

ሄደ። ተናኘ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ተሜ የሚባለው የባጃጅ ሾፌር አላስቻለውም። «ለአንዲት ጋራዥ ብለህ ሁለት ሽማግሌ አገትክ!» ብሎ ዐብዲናስር እግር ስር ተፋ። «ከእንግዲህ መኪናውን የሚሰጥህን እናያለን!» ሌሎቹም እየረገሙት ወጡ። ዐብዲናስር አንገቱን ደፍቶ እጁን በቤንዚን ይታጠብ ነበር።

ተናኘ ተነሥታ ትራሱን ከመኪናዋ ላይ አውርዳ ወደ ቤት ገባች። ቀናው ይህን ጠብቆ ወደ ዐብዲናስር ተጠጋ። እጁን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። መዳፉ ላይ የመኪናዋ ፊውዝ ነበር።

«በእኔ ጥፋት ተሰደብክ፣ ልጄ። ይቅር በለኝ» አለ በሹክሹክታ። «አያቴ የተቀበረበትን፣ እኔ የተወለድኩበትን አገር ጥዬ መሄድ አቃተኝ። ተናኘ ግን ካወቀች ልቧ ይሰበራል፤ መሄዱን እንዴት እንደናፈቀችው ታውቃለህ። አደራህን፣ እንዳትነግራት።»

«አልነግራትም፣ ጋሼ» አለ ዐብዲናስር።

ፊውዙንም ተቀብሎ፣ ተናኘ ጎህ ሲቀድ ከኮፈኑ ስር ነቅላ «አደራህን፣ እንዳትነግረው» ብላ ካስጨበጠችው የቦቢና ካቦ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ከተተው።