የተመለሰችው ጉጠት

«አልኩሽ እኮ፣ መልሰዋታል» አለ የጥርስ መንቀያ ጉጠት ሠሪው፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ጥቅል ገና ሳይፈታው። ለናሙና የላካት ጉጠት መሆኗን ከክብደቷ አውቋታል። ይህች ካልተወደደችለት ሞረዱን ሰቅሎ ሥራውን ሊተው ምሎ ነበር። ሚስቱ ጥቅሉን ነጥቃ ቀደደችው፤ ጉጠቷ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ታስሯል። ልጃቸው ጮክ ብላ አነበበች፦ «ሐኪሞቻችን ወደዋታል። ሁለት ሺህ ላኩልን። ሁሉም ልክ እንደዚች እንዲሆኑ ማመሳከሪያ ትሁናችሁ ብለን መልሰናታል።»

ሰውየው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣና ጉጠቷን በአየር ላይ ይከፍት ይዘጋ ጀመር። ሳምንት ሙሉ በሻርፕ ያሰረው ያበጠ ጉንጩ ትዝም አላለው፤ የጥርስ ሐኪም በር ሲያይ መንገድ የሚቀይረው እሱ አይመስልም። «ከእንግዲህ ዓለም ሁሉ ጥርሱን የሚያስነቅለው በእኔ ጉጠት ነው» አለ።

ሚስቱ ሻርፑን ቀስ ብላ ፈታችለት።

«አንተ የየትኛው ዓለም ሰው ነህ ታዲያ?»