ስም የሌለው ልክ

ልብስ ሰፊው አንዲት ቁልፍ እንኳ አስተክሎ የማያውቅ አንድ ደንበኛ ነበረው፤ ጠበቃው። ሰውየው በወጣትነቱ መርማሪ ፖሊስ ነበር፤ ዱላው አንገፍግፎት ሥራውን ጥሎ ወጣና ሕግ ተማረ ይባላል። ከፍርድ ቤት ሲመለስ፣ ፋይል የታጨቀባትን የቆዳ ቦርሳ ከቀኝ ትከሻው ሳያወርድ የሱቁ በር ላይ ቆሞ ያወራል።

«አንተ ሰው፣ አንድ ኮት ልስፋልህና ሰው ምሰል» ይለዋል ልብስ ሰፊው።

«ኮት የሹመኛ ነው ጋሼ። ለእኔ ሹራቤ ይበቃኛል።»

በዚያ ሰሞን የከተማው ወሬ ሁሉ ስለ ሹመት ነበር። የፖሊስ አዛዡ ጡረታ ወጥቷል፤ ምክር ቤቱም አዲሱን ከመሾሙ በፊት ሕዝቡ አዳራሽ ተሰብስቦ እንዲከራከርበት ተወስኗል። ይህ እንዲሆን በር ለበር እየዞረ ፊርማ የሰበሰበው ጠበቃው ነው። ስማቸው የሚነሣው ዕጩዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የማሰልጠኛው ኃላፊ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ዝምተኛ ሰው፣ ሌላው ምክትል አዛዡ።

ምክትሉን ልብስ ሰፊው በደንብ ያውቀዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ልጁን በሌላ ሰው ወንጀል አስይዞ፣ የግራ ጆሮውን በጥፊ ደፍኖ የለቀቀለት እሱ ነው። ልጁ አሁን ከአባቱ አጠገብ የስፌት መኪና ላይ ይውላል። አባቱ ሊያናግረው ሲፈልግ ዞሮ በቀኙ በኩል ይመጣል። ስለ ነገሩ ግን አያነሡም፤ ልጁ አንድ ቀን «አባዬ፣ በሞቴ፣ የሰው መነጋገሪያ እንዳታደርገኝ» ብሎ አስምሎታል።

ስብሰባው ስድስት ቀን ሲቀረው የማዘጋጃ ቤቱ የግዢ ሠራተኛ መጥታ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«የአዲሱ አዛዥ የማዕረግ ልብስ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ይድረስልን።»

ልብስ ሰፊው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት። ከሥር «ቀኝ ትከሻ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል» የሚል ተጽፏል።

«ሰውየው ማን ነው?»

«ልኩን ነው የሰጡኝ፤ ስሙን አልሰጡኝም» ብላ ሄደች።

ምክትሉ አምና ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ትከሻው እንደተሰበረ፣ ከዚያ ወዲህም ዘመም ብሎ እንደሚሄድ የማያውቅ አልነበረም። ገና ሳይከራከሩበት ለሰውየው ኮት ታዞለታል።

ከሰዓት በኋላ ጠበቃው ብቅ ሲል ወረቀቱን አፍንጫው ሥር ደቀነበት። «እየውልህ! ምን ክርክር አለ? ያንን አውሬ ሾመው ጨርሰዋል!»

ጠበቃው ወረቀቱን ቶሎ አልመለሰም። «ለሌላ ሰው አሳይተዋል?»

«ለማንም።»

«እንዳያሳዩ። ሥራውን ይነጥቁዎታል፣ ለእኔም ማስረጃ አይሆነኝም። ዝም ብለው ይስፉት።» አጥፎ መለሰለት። «ይልቅ አዳራሹ ውስጥ የልጁን ነገር ይናገሩ። እሱን ሰምቶ ምክትሉን የሚሾም የለም። የማሰልጠኛው ኃላፊ ይሾምና በመጀመሪያው ሳምንት የልጁን ፋይል እናስከፍታለን።»

«አስምሎኛል እኮ።»

«ጋሼ፣ እኔ ለራሴ ምን ፈልጌ ነው? ለእሱ ብዬ ነው።»

ልብስ ሰፊው አምስት ቀን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ሰፋ። ለጠላቱም ቢሆን የተንሻፈፈ ስፌት ከእጁ አይወጣም፤ ዝቅ ያለው ትከሻ ሥር ጥጥ ደራርቦ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው።

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ።

«ከተማው ሌባ በዝቶበታል! ጠንካራ እጅ ነው የሚያስፈልገን!» አለ አንድ ባለሱቅ።

«ጠንካራ እጅ ካማረህ ሚስትህ አለችልህ!» አለችው ከኋላው አንዲት ሴትዮ። ሰዉ በሳቅ አውካካ።

ሳቁ ሳያባራ ጠበቃው ለልብስ ሰፊው በአገጩ ምልክት ሰጠው። ሽማግሌው ተነሣ፤ ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተናገረ። ልጁ ያደረበትን ክፍል፣ የለበሰውን ሸሚዝ፣ ከጆሮው የወጣውን ደም፣ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። ጨርሶ ቀና ሲል ልጁን በሩ ላይ ቆሞ አየው፤ ደህናውን ጆሮ ወደ መድረኩ አዙሯል።

«ምለህልኝ ነበር» አለው ልጁ በማግስቱ ጠዋት። ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ አክስቱ ዘንድ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን የምክትሉ ስም ከዕጩነት ተሰረዘ። ልብስ ሰፊው ደስታውን የሚነግረው ሰው አጣ። ጠበቃውም ከስብሰባው ወዲህ በሱቁ በኩል አላለፈም፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል አለ በልቡ። ፋይሉ ሲከፈት ልጄ ይመለሳል እያለ፣ የልጁን መኪና በየጠዋቱ አቧራውን ይጠርግላት ጀመር።

በወሩ መጨረሻ ከማዘጋጃ ቤቱ ተደወለ። አዛዡ ተሹመዋል፣ ልብሱን ይዘህ ናና ለካቸው አሉት። ልብስ ሰፊው ኮቱን በሻንጣ አንጠልጥሎ፣ ጠመኔና መቀስ፣ አንድ ሙሉ ሣጥን ስፒልም ጨምሮ ሄደ። ለዚያ ዘማማ የተሰፋ ትከሻ ለቀጥ ያለ ሰው ሊሆን አይችልም፤ ተፈትቶ እንደገና መሰፋቱ ነው። መንገድ ላይ ስለ ልጁ ፋይል የሚለውን እየደጋገመ አጠና።

ጸሐፊዋ በሩን ከፈተችለት። አዲሱ አዛዥ ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል።

«ጌታዬ፣ ትከሻው ትንሽ ያስቸግር ይሆናል፤ እዚሁ አስተካክለዋለሁ» አለ ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን እያወጣ።

ሰውየው ፋይል የታጨቀባትን የቆዳ ቦርሳ ከቀኝ ትከሻው አወረደ፣ ሹራቡን አወለቀ፣ ክንዶቹን ወደ ኋላ ዘረጋ፤ ኮቱም ልክክ አለ።