የተዝካሩ ወጥ

የማርያምወርቅ ወጡን በማማሰያው ጫፍ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፈነች። አልሆነላትም። ለባሏ ተዝካር ዳሱን ከሞላው የእንጦጦ ሰው መካከል እጇ ይጣፍጣል የማይላት አልነበረም፤ እሷ ግን ከተዳረች ወዲህ ወጥ ሠርታ አታውቅም። ባሏ፣ ያ ስንት ጦርነት የዋለ፣ ገደሉን አስፈልፍሎ መንገድ ያወጣ፣ የምንጩን ውሃ በቦይ እስከ ማርያም ደጅ የመራ ሰው፣ በሩን ዘግቶ፣ ጓሮውን በገመድ ለክቶ የተከለውን ነጭ ሽንኩርት እየከተፈ ወጡን የሚሠራው እሱ ነበር። ወታደር ማጀት ገባ ከተባለ የአዝማሪ መዝፈኛ ይሆንብኛል ብላ ምስጋናውን ሁሉ ዝም ብላ ስትቀበል ኖረች። የልኬት ገመዱ ዛሬም ከምድጃው በላይ ተንጠልጥሏል።

"እሜቴ፣ እንግዳው እየጠበቀ ነው" አለ ነገሳ፣ ከባሏ ጋር የዘመተው አሮጌ ወታደር፣ ከማጀቱ ደጃፍ ቆሞ። ማማሰያውን ተቀብሏት ቀመሰና ፈገግ አለ። "የጌታዬ እጅ አይደለም።"

ክው አለች። "ታውቅ ነበር?"

"በዘመቻው ሁሉ ማን ሲያበላን ኖረና! ሁላችንም እናውቃለን። ግን 'ሚስቴ የምትመሰገንበትን እንዳትነጥቁብኝ' ብለው አስምለውናል።"

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ ገመዱን አውርዳ ወገቧን ታጠቀችበት፤ ድስቱንም ራሷ ተሸክማ ዳሱ ውስጥ ገባች።

"እስከ ዛሬ ያመሰገናችሁኝ በእሱ እጅ ነው" አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። "የዛሬው ግን የእኔ ነው፤ ቻሉኝ።"